በየሁለት ሰዓቱ

ከጥርስ ሐኪሙ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤
መስኮቱን ስከፍተው ጦሳን ጉም ሸፈነው።
ሰባት ሴት፣ አንድ ወንድ፤ መሐላችን ያለውን
“ጋሽ ላስቲክ” አልነው፣ አልጋ ላይ የተኛውን፣
የማያቃስተውን፣ የማያስቸግረውን።

መቶ ሃያ ሰዓት ነው፣ የድርጅቱ ደንብ ሲነበብ፣
ከእጅ መታጠብ እስከ መድኃኒት መዝገብ።

“ማስታመም ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?
የሴት ልጅ እጅ እኮ ሲወለድ ያውቀዋል፣”
አለችኝ ጦይባ አክስቴ፣ ሰኞ ገበያ ስንወጣ፣
ለሦስት ሳምንት ትምህርት ገንዘብ ስታይ ሲወጣ።

ሲስተር ዘምዘም ቁጡ ናት፤ ሰዓቷን እያየች
“በየሁለት ሰዓቱ ይገልበጥ” ትላለች።
“ግራ፣ ጀርባ፣ ቀኝ፤ ትራስ በጉልበቶቹ መሐል፤
አንሶላ ከታጠፈ ቆዳ ላይ ይጽፋል።”

እኔ ግን ዝም አልኩኝ።
እናቴ ሆጤ ላይ ዐሥራ አንድ ወር ተኝታ፣
“ዛሬስ እንቅልፍ ወስዷት አገኘች እፎይታ”
ብዬ ሳልነካካት፣ እንዳልቀሰቅሳት፣
ፍቅሬ ባንድ ጎኗ እያስተኛ ጎዳት።
ቁስሉን “ምች ነው” አሉ፣ ጎረቤት ሲያየው፤
ዳማከሴ ጨምቀን፣ ዱዓ አስደረግነው።
ሽታው ሲበረታ መስኮት ከፈትን፤
“ጎኗን አዙሩላት” ማን ነበር ያለን?

ፈተናው ላይ መጣ፣ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ፦
“የአልጋ ቁስል መንሥኤው?” ብሎ ጠየቀኝ።
“ጫና” ነው መልሱማ፣ ሌሊት አጥንቼዋለሁ፤
“አለማወቅ” ብዬ ጽፌ ወጥቻለሁ።
ሲስተር ዘምዘም በቀይ ሰርዛ ዜሮ ሰጠች፤
ከበታቹ በእርሳስ “ማንሽ ነበር?” አለች።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከጋሽ እርገጤ ቤት፣
የአሰብ መንገድ ሹፌር፣ ግማሽ ጎኑ የሞተበት።
ኤንትሬው ተሸጧል፤ መሪው ግን ግድግዳ ላይ
ተሰቅሎ ይኖራል፣ ከአልጋው ሆኖ እንዲያይ።
ሌሊት ሰባት ሰዓት ደወሌ ሲንጫረር፣
“ተይኝ፣ ልተኛበት” ይላል በማማረር።
“ሐረጎ ደርሰናል” እለዋለሁ፣ “ጥምዝ ነው፤
ጋሼ፣ ወደ ግራ!” ትከሻውን ይዤው።
ይስቃል በግማሽ፣ በሚሠራው ከንፈር፤
“ማርሽ ቀንሺ፣” ይላል፣ “በቁልቁለት አይበረር።”

ጀርባውን አያለሁ በስልኬ መብራት።
ቅላት የለም። እብጠት የለም።
አንሶላውን ወጠርኩት።
“ሰባት ሰዓት፣ በግራ፣ ቆዳው ደህና” ብዬ
ፈረምኩኝ ከመዝገቡ፣ ሉባባ ተብዬ።

ደወሉን ለዘጠኝ ሞላሁት፤ አልተኛሁም።
የእርሳሱን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩም።