ሦስት ሙሽሮች፣ አንድ ባልዲ

ማክሰኞ ነው፣ ከቀትር በኋላ፤ ግሪምስቢ ላይ ዝናብ፣
ከወደቡ የሚነፍሰው የዓሣ ሽታ ድባብ።
አዳራሹ ሁለት መቶ ወንበር፣ እኛ ሰባት ሰው፣
አንዱ ገና ሳይጀመር እንቅልፍ የጣለው፣
ሁለት ልጆች በጓሮ በር ሾልከው የገቡ፣
ዕድሜያቸው ያልፈቀደውን ሊያዩ የተራቡ።
እኔ ደግሞ ደብተሬን ይዤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ለከተማው ጋዜጣ ፊልም የምመዝን፣ ፈራጅ መሳይ።
ከጎኔ ዊኒፍሬድ ታትል፣ ጡረታ የወጣች፣
ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በሽተኛ ያጠበች፣
«ዝናብ ሸሽቼ ነው» አለችኝ፣ ኮቷን እያራገፈች።

ወሬው ቀድሞ ደርሶን ነበር። ለንደን ያሉት ዳኞች
«ቆሻሻ» ብለው ጥለውታል፣ እነዚያ ብዕረኞች።
እኔ ቆሻሻን አልፈራም። ሳቅ ከጭቃም ይበቅላል፤
ሆድ የሌለው ሰው የለም፣ ንጉሥም ቢሆን ያገሳል።
በቀና ልብ ተቀመጥሁ። መብራቱ ጠፋ።
የመጀመሪያው ሙሽራ ተነሣና ሆዱን ነፋ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ!
አንዱ ኬኩ ላይ አስመለሰ፣ አንዱ ባርኔጣውን ሞላው፣
ሦስተኛው የቄሱን ጫማ፤ ውሻ መጣና ሁሉን በላው።
ዐሥራ ሁለት ደቂቃ፣ በሰዓቴ ቆጥሬ፣
አንድ ባልዲ ሲዞር ሲዞር፣ ከአዳም እስከ ዛሬ።
ከበስተኋላ መለከት ይነፋል፤ «አሁን ሳቁ» ይላል፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ ከጥርሳችን ዕዳ ይጠይቃል።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ልብ ሲያለቅስ የሚስቅ፤
ያን ቀን ግን ባዳው ዘመድ ሆነ፤ ልብም ጥርስም ድርቅ።

ጥፋቱ የት ነው? ብዬ በጨለማው ጻፍሁ።
ቅርሻቱ አይደለም፣ መጸዳጃውም አይደለም፤ ብዙ አሰብሁ።
ጥፋቱ፣ እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም አያፍሩም፤
ከሰገነት ይወድቃሉ፣ ግን አይሰበሩም።
ኀፍረት የሌለበት ገላ ባለቤት የሌለው ቤት ነው፤
ጣሪያው ቢያፈስ፣ ወለሉ ቢርስ፣ ማን ነው የሚገደው?
ሳቅ እኮ...
ሊደበቅ ሲታገል የተያዘ ሰው ነው የሚያስቀን፣
ነገ የእኛ ተራ መሆኑን ሆዳችን ሲነግረን።

አንዲት ነገር ግን ነበረች። የሙሽራዋ እናት፣
ስሟን የማላውቃት፣ ያረጀች ተዋናይት፣
ባልዲው ሊደፋባት ሲል
የእጅጌዋን ቁልፍ ቆለፈች፣ ሰዓቷን ሸፈነች።
አንድ ሴኮንድ። እዚያ ሁሉ መሐል ሰው እሷ ብቻ ነበረች።
ዊኒፍሬድ በጨለማው «ውይ» አለች።

ከዚያ ከኋላ ድምፅ መጣ፤ ፊልሙ መሰለን።
አልነበረም። ካንደኛው ልጅ ነው፤ የፈንዲሻ ብዛት፣
ጨው ያለ ልክ፣ ስኳር ያለ ልክ፣ የወንድነት ኩራት፣
ምንጣፉ ላይ ወጣ።
ጓደኛው ሸሸ። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣
ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ፣ ማስታወሻ የምጽፍ ይመስል።
ዊኒፍሬድ ተነሣች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት።
ግንባሩን በመዳፏ ደግፋ
«ስምህ ማን ነው?» አለችው።
«ፈርግ...» አለ፤ ቀሪውን ምንጣፉ ላይ ጨረሰው።
«ረጅም ስም ነው» አለች።
ልጁ እንባው እየወረደ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ሳቀ።
የተኛው ሰውዬ ባነነና «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ።

አስተናጋጁ ግሌን መጣ፣ መወልወያ ይዞ፣
ዝናብ ላይ እንደቆመ ፈረስ ፊቱ ተክዞ፣
በሌላ እጁ ባልዲ።
ሦስቱ ሙሽሮች ከላያችን አሁንም ይጮኻሉ፤
ማን ይያቸው? ሰዎቹ ሁሉ ወደ ልጁ ዞረዋል፣ «አይዞህ» ይላሉ።

ማታ አዘጋጁ ደወለ፦ «ስንት ኮከብ ይሰጠው?»
«አንድ» አልሁ።
«እሱስ ለምኑ ነው?»
«ለእጅጌዋ።»
ስለ ግሌን ባልዲ አልነገርሁትም።
ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኮቴ ትንሽ ይሸታል።