የዘጠኝ ሰዓቱ ሥራ

ላሞች ተነድተው ሳይገቡ፣ ካርዳል ገና ሳይነጋ፣
ቢሮውን ከፍቼ ወደ እርሱ ስጠጋ፣
ማራገቢያው ያቃስታል፣ አስም እንዳለበት፤
ስክሪኑ ላይ ቆሟል ያው ቀይ ምልክት፦
«ሥራው አልተሳካም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።»

ትናንትም ይኸው ነው፣ ከትናንት በስቲያም።
የመቶ አርባ ገበሬ ወተት፣ ሊትር በሊትር፣ ስም በስም፣
ሌሊት ተደምሮ ማደር ሲገባው
ጠዋት ባዶ ዓምድ ነው የምናነበው።
ዶን ኦዲሎን ቆቡን አውልቆ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣
«ላሞቼስ ሰጥተዋል» ይላል፤ «የነጠፈው ያንቺ ማሽን ነው።»

እኔም ያልዳሰስሁት የለም፤
አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁለት፣
ዲስኩን ከአሮጌ ፎቶ አራገፍሁለት፣
ማተሚያውን ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬ ነቀልሁት፣
ዘጠኙን ሰዓት ወደ አስር ገፋሁት።
በአስርም ወደቀ።
ሞንቴቪዴዮ ደወልሁ። አንድ ልጅ እግር «ስንት ዓመቱ ነው?» አለ፤
«አሥራ ስድስት» ስለው ሳቀ።
አዲስ ግዙ አለ። በየትኛው ወተት?

በአሥራ አንደኛው ሌሊት፣ የማቴ ኩባያዬን ይዤ፣ አጠገቡ አደርሁ።
አስር ሲል ዲስኩ ቋ ቋ አለ፣ ነቃ፣
አንድ በር አንኳኳ፣
ጠበቀ፣ ደግሞ አንኳኳ፣
ከዚያ ተኛ።
ማንን ነው የሚጠራው?
የሥራውን ዝርዝር ከፍቼ እስከ ታች ወረድሁ፤
ዓይኔ ሁልጊዜ የሚዘልላት አንዲት መስመር፦
«ይህ ሥራ የሚሄደው በዚህ ስም ነው፦ ኤበር።»

ኤበር፣ ሒሳብ ሹማችን፣ በመጋቢት የቀበርነው፣
ዋናው ቢሮ ስሙን ከመዝገብ የፋቀው
ልክ አሥራ አንድ ሌሊት ሆነው።
ለእህቱ ነግረናል፣ ለባንኩ ጽፈናል፤
ለዚህ ግን መርዶ ያረዳው የለም።
በየሌሊቱ ተነስቶ በሟች ስም ደጅ ይጠናል፣
«ማነህ?» ይሉታል፣ ይመለሳል።

ልሰርዘው ስል ጣቴ አመነታ።
ከስሙ ሥር ማስታወሻ አለ፣ እንደ አነጋገሩ ያለ ነጥብ፦
«ከዘጠኝ እንዳታዛውሩት በፊቱ ማቀዝቀዣው ይጮሃል
በኋላው ማለቢያው ይነሳል
መብራት የሚረጋው ያኔ ብቻ ነው»

አስሩን ወደ ዘጠኝ መለስሁት።
በስሙ ቦታ ኔሊዳ ብዬ ጻፍሁ፤
ማስታወሻውን አልነካሁ።

በማግስቱ ዓምዱ ሞልቶ ቆየኝ።
ማራገቢያው ግን ማቃሰቱን አልተወም፤
ዶን ኦዲሎንም መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን በጣቱ ወርዶ፣
«ሦስት ሊትር ይጎድላል» አለኝ።