ሰባ ሁለት ደረጃ

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ከመጨረሻው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ነው ቤታችን፤
ሰባ ሁለት ደረጃ አለ ከአፈሩ እስከ በራችን።
እኔ አልቆጠርኩትም፤ የቆጠረው ልጄ ምንተስኖት ነው፣
ሲወጣም ሲወርድም ጮክ ብሎ፣ አንድም ቀን ሳይስተው።
ሌላ ቃል ብዙ የለውም። ቁጥር ግን አይነጥፍበትም፤
ሽቅብ ሲወጣ ሃምሳ አራት ላይ ይቆማል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እኔም እዚያው እቆማለሁ፣ ጀሪካኑን ከጎን ጥዬ፣
ግድግዳ ተደግፌ፣ በአርባ ዓመቴ እንደ ሽማግሌ ቁጢጥ ብዬ።
ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ቃሊቲ፣ ብረታ ብረት ቤት፣
ቀኑን ሙሉ ላሜራ ቆርጬ ለማታ የሚተርፍ ጉልበት
ነበረኝ።
አንድ የነሐሴ ትኩሳት መጣ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ።
ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ድካሙ ግን ቁልፍ ተረክቦ፣ ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ እዚሁ አለ።
እንቅልፍ የማይፈታው ድካም፣ ተኝቼ ስነሣ የሚብስ፤
ዛሬ አንድ ጀሪካን ብሸከም ዕዳው ሐሙስ የሚደርስ።
ደሙ ደህና፣ ራጁ ደህና፣ ልብህም አሉኝ ደህና፤
ደህና ነህ የሚል ወረቀት ፌስታል ሙሉ አለኝ፤ አልሆንኩም ግን ደህና።
ጎረቤት ለልጁ «ቡዳ» ይላል፤ ለእኔ «ስንፍና»።
አማቴ ብቻ ለሁለታችን አንድ ጠበል አዘዘች፤
በሽታውን ባታውቀውም፣ «ሁለታችሁ» የምትል ክር መዘዘች።

ክሯን ይዤ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። ወጣት ናት፣ አትቸኩልም።
«የልጄ ኦቲዝምና የእኔ ድካም ዝምድና የላቸውም?»
«ምናልባት» አለች፤ «የሚጠይቁ አሉ፤ ተረጋግጦ ግን አላየሁም።»
«ምናልባት»ን በጉያዬ ይዤ በሁለት ታክሲ ተመለስኩ።
እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ላሜራ ቆራጭ ነበርኩ።
ግን ሽቦ አውቃለሁ፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይግላል፤
አንዱ ቤት አምፖል ይፈነዳል፣ አንዱ ቤት ብሬከር ይወርዳል፤
መስመሩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።
የጎረቤት ሚክሰር ሲነሣ እሱ ይጮሃል፤ እኔ እጠፋለሁ።
ይህንን ነው የማውቀው። ከዚህ በላይ ካልኩ እዋሻለሁ።

ሌሊት ሌላ ሐሳብ አለ፣ ለፀዳለ እንኳ ያልነገርኩት፦
እንደ አፍንጫዬ ይሆን ይህንንም ከደሜ ያወረስኩት?
መልሼ ደግሞ እላለሁ፦ ካወረስኩት ብቻውን አይደለም ማለት ነው።
መጽናኛ ትሁን ክስ፣ እንጃ፤ የሚለየው ማነው?

ባለፈው ረቡዕ፣ በሁለተኛው ጀሪካን፣ ሃምሳ አራት ላይ ወደቅሁ፤
ውሃው በደረጃው ሲወርድ በጎኔ ተኝቼ ሰማሁ።
ላይኛው ቤት ሴራሚክ ይቆርጣሉ፣ ታች ልጆች ይንጫጫሉ፤
«ጠጥቶ ነው» ያለም አልጠፋ፤ ዘለውኝ ያለፉም አሉ።

ምንተስኖት መጣ። ሰው መንካት አይወድም፣ እናቱንም ቢሆን።
ጆሮው ላይ አድርጓል ያቺን የብረት ቤት የጆሮ መከለያዬን፣
ሥራ ስለቅ ይዣት የወጣሁትን፣ ብቸኛ ጡረታዬን።
ስትታጠብ እንኳ ደጅ ቆሞ የሚጠብቃት ናት።
አወለቃት።
ባዶ ጆሮውን ለጩኸቱ ሰጥቶ፣ ፊቱ እየተኮማተረ፣
እኔ ራስ ላይ ደፋትና፣ ሁለት ደረጃ ርቆ ተቀምጦ መቁጠር ጀመረ።

ዓለም ጠፋች። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከትኩሳቱ ወዲህ አላገኘሁም።
አፉን አያለሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም።
ከንፈሩን አነበብኩ፦ ሃምሳ አራት። ሃምሳ አራት። ሃምሳ አራት።
ምን ያህል እንደቆየን እንጃ።
ጀሪካኑ ባዶ ነበር፤ ውሃ የሚመጣው ደግሞ የዛሬ ሳምንት።
ግድግዳውን ይዤ ስነሣ፣ ቀና ብሎ ጉልበቴን አየና
ሃምሳ አምስት አለ።