ነጩ ድንጋይ

ሰማዩ ጠርቶ ነው፣ ደመና የለበት፣
ጎሊና አሸዋ ነው፣ ፍየል የተኛበት።
ከማዶ እርሻ ላይ ሽንኩርት ስንጭን ዋልን፣
ሰባ ኩንታል ሞልተን ሸራ ደርበን ጣልን።

ሾፌሩ ሙሄ ነው፣ እኔ ደግሞ ረዳት፣
ጎማ የምደበድብ፣ ታኮ የምሰጣት።
መኪናዋ አይሱዙ፣ ዕዳ ያላለቀላት፣
በወር በወር ባንኩ «የት አለሽ?» የሚላት።

ከሮቢት በታች፣ ከመሻገሪያው ዳር አንድ ድንጋይ አለ፣
በኖራ የነጣ፣ ሾፌር ሁሉ በሱ የማለ፤
ድንጋዩ ከታየ እለፍ፣ ከተሸፈነ ቁም፣
ሕጉ ይኸው ነበር፣ ፊርማና ማኅተም አያውቅም።

በለስ የምትሸጥ ደብሬ፣ ከጥላ ሥር ሆና፣
«ቆዩ እንጂ ልጆቼ፣ ላስታ ዘንቧልና!
ፍየሎቹን እዩ፣ ተነሱ ከአሸዋው፣
ጆሯቸውን ቀስረው፣ ገባቸው ጣጣው።»

ሙሄ ሰዓት አየ። ስልኩ ጮኸ ደግሞ።
ደላላው ነው፣ ከደሴ፣ በንዴት ታምሞ፦
«የመቂ ሽንኩርት ነው ነገ የሚገባው፣
ዛሬ ካልደረስክ ግን ለከብት አብላው!»

ያን ጊዜ መጣ ውሃው፤
ቀጭን ቡናማ ምላስ፣ ገለባ ያዘለ፣
አሸዋውን ልሶ ጎማ ሥር ዋለለ።
«ቁርጭምጭሚት አይነካም» አለ ሙሄ ስቆ፣
«ያው ነጩ ድንጋይም ይታያል ደምቆ።»
እኔም አየሁት፤ እውነት ነው፣ ይታያል፣
ከነሙሉ ወገቡ ፀሐይ ላይ ያበራል።

በሁለተኛ ማርሽ ገባን።
ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ይባላል፤
እኛ ነን የሳቅነው፣ ውሃውማ ዝም ብሏል።

መሃል ስንደርስ ግን ግራ ጎማ ወረደ፣
መሬቱ የት ሄደ?
ለካ የትናንቱ ጎርፍ ሌሊት መንገዱን አርሶ፣
ጉድጓዱ ተኝቷል ውሃ ብቻ ለብሶ።

ከዚያ ድምፁ ደረሰ፤
መቶ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ባንዴ እንዳፈሰሰ።
ጋቢናው ተናጠ፣ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣
በአየር ፋንታ ውሃ ጠጣ፣ ዝም አለ።
መሪው ከሙሄ እጅ ወጣ፤ ሰባት ቶን ቀልሎ
እንደ ቅል ተንሳፈፈ፣ ከመሬት ተፈንቅሎ።
«በመስኮት ውጣ!» አለኝ፤ በሩማ እምቢ አለ፣
ውሃው በትከሻው ከውጭ ገፍቶት ስላለ።

ሸራው ላይ ወጣን። ገመዱ፣ ጠዋት የወጠርኩት፣
ሙሄ «ይበቃል» ሲለኝ ደግሜ ያጠበቅኩት፣
እሱ ነው የያዘን።
ከሥራችን ሽንኩርቱ ጆንያ እየቀደደ፣
ቀይ ቀይ ራሱን ብቅ አድርጎ ወደ አፋር ወረደ።

የሮቢት ልጆች መጫኛ ወረወሩ፣
ጎትተው አወጡን፤ «ተርፋችኋል» ሲሉን አፈሩ
እንጂ ደስ አላላቸው፣ የሙሄን ፊት አይተው።
እሱ አንድ ነገር ብቻ፣ ደጋግሞ፣ አፉን ከፍተው
እንደተዉት ራዲዮ፦ «ድንጋዩ ይታይ ነበር እኮ!»

ደብሬ በጣቷ አሳየችው።
ድንጋዩን ጎርፉ ሌሊት አንስቶ፣ አንከባሎ፣
ደለል አናት ላይ አስቀምጦታል፣ እንደ ንጉሥ ከፍ ብሎ።
ምልክቱ ራሱ ቦታውን ለቆ ነበር፤
እኛ በሄደ ምስክር ነው የተሻገርነው በድፍረት፣ በክብር።

በሦስተኛው ቀን በትራክተር ጎተትናት።
ወልድያ፣ መካኒኩ ጌታሁን ኮፈኗን ከፈተላት፤
የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ አየና ዝም አለ፤
ዘይቱ ማኪያቶ ሆኗል፣ ከጎርፍ ጋር የዋለ።
ባንኩ ግን ውሃ አልገባውም። በወሩ ደወለ።

ሙሄ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ጎማ ይጠግናል፣
ስለ ውሃ ከተወራ ተነስቶ ይሄዳል።
መሪው የኔ ሆኗል፣ የሰው መኪና ቢሆንም።
ወንዝ ዳር ስደርስ ሞተር አጠፋለሁ፣ ድንጋይ አላምንም።
ከኋላ ጥሩምባ፣ ከኋላ ስድብ ይዘንባል፣
«ፈሪ!» ይሉኛል፤ ይበሉ፣ ከመሞት መሰንበት ይሻላል።

ሌላው በመኪናው ጀርባ ጥቅስ ያስጽፋል፣ ስለ ምቀኛ፣ ስለ ፍቅር።
የኔን ያነበበ ሁሉ ይስቃል፣ ይጠይቀኛል፣ ምን ማለት እንደነበር፦

«ፍየሎቹን ጠይቁ።»