ብርሃን ያዥ

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ስሸከም፣
ፊቴን ያየው የለም፤ ክንዴ ነው ሲደክም።
ነጭ ሰሌዳ ነበር፣ ከበር የሚሰፋ፣
ፀሐይ ስትደበቅ ፀሐይ የሚተፋ።
«ቱሊዮ፣ ከፍ አድርግ»፤ ከፍ። «ዝቅ»፤ ዝቅ።
ከኒቬስ ፉርላን ጋር ሙያዬ ይኸው ነበር፣ ብርሃን መጠበቅ።

ትሪየስት ተወለደች፣ ነፋስ በነገሠበት።
ቦራ ነው የነፋሱ ስም፤ እንደ ቦራ ፈረስ ነጭ ግንባር አለበት።
ከተራራ ጋልቦ ባሕሩን ሲረግጥ፣
መንገደኛው ሁሉ ገመድ ይዞ ሲያምጥ፣
ጃንጥላ በየቦዩ ክንፉ ተሰብሮ ሲቀር፣
አባቷ ጠጋኝ ነበርና ለእነሱ ቤት ነፋስ መኸር ነበር።

በአሥራ አራት ዓመቷ ገባች ከሽማግሌው ብራዛኒ ቤት፣
የመታወቂያ ፎቶ በደርዘን ከሚሸጥበት።
መርከቡ ወደ አውስትራሊያ ሰው የሚጭንበት ጊዜ ነው።
«አትሳቁ» ይላል ደንቡ፣ «ጆሯችሁ ይታይ»፤
እሷ ግን አየች፣ ሌላው የማያይ፦
ተነሺው፣ ብልጭታው ካለፈ በኋላ፣
ለአንድ ትንፋሽ ያህል ፊቱ ይሆናል ሌላ።
ዕድሜዋን ሙሉ ያደነችው ያንን ትንፋሽ ነው።

ብራዛኒ ደግሞ እርሳስ አስያዟት፣ እንደ መርፌ የሾለ፣
በነጋቲቩ ላይ ሽብሽቡን ያባበለ።
«ለእናት አንድ ጭረት፣ ለሙሽሪት አሥር፣
ለሹም ግን እርሳሱ አልቆ እስኪሰበር።»

ሚላን ስትገባ አንድ ካሜራ፣ ሁለት ቀሚስ፤
ክፍሏ ማሞቂያ የለው፣ ባቡር ሲያልፍ ግድግዳው የሚያስነጥስ።
ለመጀመሪያው መጽሔት፣ ሞዴሏን በሐር አልብሳ፣
ጎህ ሳይቀድ ዓሣ ገበያ አቆመቻት፣ ከበረዶው መሐል ወስዳ።
«ይሸታል!» ብሎ ጮኸ አዘጋጁ።
«ፎቶ አይሸትም» አለችው።

ከዚያማ ስም መጣ። የኦፔራው ዘፋኝ፣ የኳሱ ጀግና፣ የሲኒማው ጉድ፣
ወረፋ ያዙ እንደ ሐኪም ደጅ፣ እንደ ፍርድ።
ወንበሩ አንድ ነበር። አንዱን እግሩን ጣት ያህል
በእሷ ትእዛዝ የከረከምኩት እኔ ነኝ፣ በመጋዝ፤
«ዙፋን የለመደ ሰው ሲያነክስ ነው ሰው የሚመስል።»

ኤርሲሊያ ዳንድሬያ መጣች፣ በስልሳ ሦስት ዓመቷ፣
ሁለት ትራስ፣ አንድ ውሻ፣ ሦስት አሽከር ከፊቷ።
በሸራው ላይ አልቅሳ አገር ያስለቀሰች፣
«የሃያ ዓመት አድርጊኝ፣ ታውቂበታለሽ» አለች።
ኒቬስ ዝም። ሰሌዳውን ያዝኩ። ሰዓቱ ሄደ፣ ሄደ፤
ፈገግታው እንደ ሻማ እየቀለጠ ወረደ።
ሰሙ ፈስሶ ሲያልቅ ወርቁ ብቻ ቀረ፦
የደከማት ሴት። ያን ጊዜ ካሜራው ተናገረ።

ስታየው ቀደደችው፣ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት፤
«ይህች እናቴ ናት፣ እኔ አይደለሁም!» በብስጭት።
ጋዜጣ ጻፈ፣ ጠበቃ ዛተ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ጠፋ፤
ስልኩ አቧራ ለበሰ። የአንድ ወር ደሞዜን በሌንስ ከፈለችኝ።
እስካሁን አልሸጥኩትም።

በሰባተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ፣ ጠርዙ ጥቁር።
ከልጅቷ ነው፦ «እናቴ አርፋለች። ከመቃብሯ ድንጋይ ላይ
በሸክላ የሚታተመው ፎቶ ያ የቀደደችው ይሁን ብላለች፣
ካልጠፋ።»
አልጠፋም። ኒቬስ መሳቢያውን ሳበች፣
ነጋቲቩን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋች፣
እርሳሱን ሾለችው። ደነገጥኩ። እሷ? ያን ሁሉ የከሰረችበትን?
ከግራ ዓይኑ ግርጌ አንድ ጭረት ጫረች። አንድ።
«ለእናት» አለች። መብራቱን አጠፋች።

አሁን ትሪየስት ተመልሳለች። ዓይኗ ከጥላና ከብርሃን ሌላ አይለይም።
ባለፈው ጥር ሄድኩ፤ ውጭ ቦራው ያፏጫል፣ አይደክመውም።
«ቱሊዮ፣ ፀሐይ ገብታለች?»
«ገብታለች።»
«እስቲ ከፍ አድርግ።»
ሰሌዳ ከየት ላምጣ? የሻዩን ትሪ አንስቼ፣ ነጭ ፎጣ አልብሼ፣
ከአገጯ በታች ያዝኩላት፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ አጎንብሼ።
ፊቷ በራ። ፈገግ አለች፤ ፈገግታው አለፈ፤
ከዚያ ያ ትንፋሽ መጣ።

ካሜራ አልነበረንም።
ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት።