አራተኛው መልእክት

ጌንት ላይ ያካፋል፤ ትራሙ ይጮኻል፣
ጭጋግ በመስኮቴ ዝም ብሎ ይጽፋል።
ሚዛን ሻጭ ነኝ እኔ፤ የዱቄት፣ የእህል፣
አንዲት ፍሬ ብትጎድል "ጎደለች" የሚል።

ሎደ ፈርስትራተ፣ የወፍጮ ቤት ጌታ፣
ግንቦት ላይ አገኘኝ ባውደ ርዕይ ቦታ፤
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ዱቄቱን አራግፎ፣
"ዋጋውን ላኪልኝ" ብሎኝ ሄደ አልፎ።
ላክሁለት።
ሰኔ ዝም። ሐምሌ ዝም። ነሐሴም ዝም አለ፤
የጣልኩት ጠጠር ግን ጉድጓዱ ውስጥ ዋለ፣
ጠብ ሲል ሳልሰማው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፣
የድርጅቴን ዕድሜ በዝርዝር ያተተው፣
ሽልማት፣ ምስክር፣ ማኅተም ያዘለው፤
እሱ፣ አንባቢው ሰውዬ፣ የቱ ጋ ነው ያለው?

ሁለተኛው አጭር፦
"ምናልባት አላዩት ይሆናል ብዬ ነው..."
ይህቺ "ምናልባት"፣ ጥርሷ ያለቀባት፣
ፈገግ ብላም እንኳ መንከስ የሚያምራት።

ሦስተኛው ያሳፍራል።
ኢልሰ፣ አለቃዬ፣ ከትከሻዬ በላይ፦
"አጣድፊው እንጂ! ቅናሹ ሊያልቅ ነው በይ፣
ዓርብ ይዘጋል በይ።"
አልኩ። ዓርብ መጣ፣ ሄደ፤ ቅናሹ አላለቀ፤
ውሸቴ ስክሪኑ ላይ ብቻውን ደረቀ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤
ዝም ባለ ሰው ልብ ግን
ምን ገብቶ እንደሆነ በምን ይመዝናሉ?

አባቴ ነበረ ደጅ ጥናት አዋቂ፣
ላንዲት ክንድ ግቢ ሰባት ዓመት ጠባቂ፤
ወረዳው አጥር ሥር፣ ፋይሉን በፌስታል፣
ሌላው ሲማጸን ይውላል፣ እሱ ግን ይጠይቃል፦
"የልጅዎ ትኩሳት ለቀቀው ወይ ጌታው?"
ያን ጊዜ ጸሐፊው ካቀረቀረበት ቀና ይላል።
"ልመና" ይለኝ ነበር፣ "ጆሮ ያደነቁራል፤
የነገረሽን ነገር መልሰሽ ብትጠይቂው
ድንጋይም ያወራል።"

ማታ ነው። ቢሮው ባዶ። የጽዳቱ ማሽን
ኮሪደሩ ላይ ያጉረመርማል።
ግንቦትን በረበርኩ፤ ዋጋውን ትቼ ወሬውን።
ምን ነበር ያለኝ፣ ዱቄቱን ሲያራግፍ?
"ስንዴዬ በጎደለ ቁጥር
እርግብ በላው እላለሁ፤ ወንድሜ አያምንም።"
ስቆ ነበር። እኔም ስቄ፣
"ስንዱ ነኝ" አልኩት፤ "በኛ ቋንቋ
ከስንዴ የምለየው ባንድ ፊደል ነው።"

አራተኛው መልእክት ይኸው፦
"እርግቦቹ አሁንም ጣሪያው ላይ ናቸው?
ሚዛኑን ካልፈለጉት 'አይ' ማለት ይበቃል፤
አልቀየምም።
ስንዱ።"

ላክሁ። ካፖርቴን አነሳሁ፤
አንዱ እጅጌ ገብቶ ሌላው ሳይገባ
ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተርገፈገፈች።

"ውድ ስንዴ" ይላል፤
ስሜን ከእህሉ ጋር አንድ ላይ ፈጭቶ።
"እርግቦቹ አሉ።
ወንድሜ ግን የለም። ሰኔ ላይ ተጣልተን
ድርሻውን ወስዶ ኦስተንደ ገባ፣ ባሕሩ ዳር።
ሚዛን አልፈልግም፤
የጎደለኝን አሁን ያለ ሚዛን አውቃለሁ።
ዘጠኝ ሻጭ ጽፎልኛል፤
ስለ እርግቦቹ የጠየቀ የለም።"

እጅጌዬ እንደተንጠለጠለ ቆሜ አነበብኩት፤
ደግሜም አነበብኩት፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየመዘንኩ።

በማግሥቱ ኢልሰ ስሙን በቀይ ሰረዘች።
"መልስስ አገኘሽ" አለች፣
"ግን ምን ዋጋ አለው?"

ጌንት ላይ ያካፋል፤ ትራሙ ይጮኻል።
አምስተኛውን ጀመርኩ። ዋጋ የለበትም፦

"አንዲት እርግብ በቀን
ስንት ግራም ትበላለች?
ገምተው ያውቃሉ?"