አይገባም

ጅማ፣ ሐምሌ ማለዳ፣ አዌቱ ሞልቶ ይጮኻል፤
የላቦራቶሪው ቆርቆሮ ዝናብ ይቆጥራል።
ነጂባ ከረጢቷን ወደ መብራት አነሳች፣
በጣቷ ጫፍ፣ በቀስታ፣ አዘነበለች፣ መለሰች።
የወንድም መቅኒ ናት፣ ከበረዶ የወጣች፣
ስንት ሚሊዮን ነፍስ ይዛ ከመዳፍ ያነሰች።
ከግድግዳው ማዶ፣ ኢፍቱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ክንዷን ዘርግታለች።

«ፍጠኚ እንጂ» አሉ ዶክተሩ፣ «ሰዓቱ እየሄደ ነው»፤
እናት በበሩ ስንጥቅ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለው?»

መጉደልስ አልጎደለም።
ከታች ግን፣ ከጠርዟ ጥግ፣ አንዲት ነጭ ቋጠሮ፣
እርስ በርስ የተቃቀፉ፣ ፍቅራቸው የከረረ ከሮ።
ለሰው መተቃቀፍ ደግ ነው፤
በሳንባ በር ላይ ግን
ትንፋሽ ይዘጋል።

«አይገባም» አለች።
ዶክተሩ፣ ደም ስር አይገባም ማለቷ መሰላቸው፤
እናት፣ ለልጄ አይገባትም ያለች መስሏት አለቀሰች።
ነጂባ ለማስረዳት ጊዜ አልነበራት፤
ማጥለያ ገጠመች፣ ጠብታ ጠብታውን ጠበቀች፣
በማይክሮስኮፕ ደግማ አየች፣ ደግማ ቆጠረች፣
መዝገቡ ላይ «ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ ጠርቷል» ብላ ፈረመች።

«እስቲ ያቺን አሳዪኝ» አለች እናት፣ ኋላ።
ማጥለያውን አየች፤ ምንም አልታያትም።
ነጂባ ግን እስከ ማታ፣
ዓይኗን ጨፍናም ቢሆን፣
ቋጠሮዋ አልወጣችላትም።